ኡታማሮ፦ ማድ ቤትን የሣለ ሠዓሊ

ታላላቅ ሠዓሊዎች ሲነሡ ቶሎ ትዝ የሚሉን የአውሮፓ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ጃፓናዊ እናወሳለን።

ኪታጋዋ ኡታማሮ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1753 ገደማ ነው። ቶሪያማ ሴኪየን ከተባለ ሠዓሊ ዘንድ ተምሮ፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ሠራ። በዚያን ጊዜ የሚታተም ሥዕል የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አልነበረም። ሠዓሊው ይነድፋል፤ ጠራቢው በጣውላ ላይ ይቀርጻል፤ አታሚው ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ ያትማል። ወጪውን የሚችለው አሳታሚው ነው። ሥዕሉ በብዙ ቅጂ ስለሚወጣ ተራው የከተማ ሰውም ይገዛው ነበር።

የኡታማሮ ስም የገነነው በ1790ዎቹ የሴቶችን ፊት አጉልቶ በመሣሉ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የዮሺዋራ ሰፈር ሴተኛ አዳሪዎች ነበሩ። በድህነት ምክንያት በልጅነታቸው ተሸጠው በዕዳ የተያዙ ብዙ ነበሩ። ሥዕሉ ግን ውበታቸውን እንጂ ሰቆቃቸውን አያሳይም። ይህ ጉድለቱ ነው።

ታዲያ ኡታማሮ እዚያ ብቻ አልቀረም፤ ቤት ውስጥም ገባ። ልጇን የምታጠባ እናት፣ ልብስ የምትሰፋ ሴት፣ በመስተዋት ፊት የምትሰናዳ ሴት ሣለ። በአንዱ የማድ ቤት ሥዕሉ ላይ አንዷ አትክልት ትልጣለች፤ ሌላዋ በቀርከሃ ቱቦ እሳት እፍ ትላለች፤ ጭሱ ይትጎለጎላል፤ ሕፃን እናቱ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ያንን ጭስ የማያውቅ ማን አለ? የእናቶቻችንን ዓይን ያቀላው ጭስ እኮ ነው!

መጨረሻው አላማረም። ከ200 ዓመት በፊት የሞተውን ገዢ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺን ከሚስቱና ከቁባቶቹ ጋር በመሣሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1804 ተይዞ ያ የሚሥልበት እጁ ለ50 ቀን በካቴና ታሰረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1806 ሞተ።

ሥራው ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1890 ፓሪስ ውስጥ የጃፓን ኅትመቶች ለሕዝብ ሲታዩ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሜሪ ካሳት አየቻቸው፤ እሷም ልጅ የምታጥብ እናትን በኅትመት ሠራች።

እንግዲህ እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ክፍል ስንገባ፣ ሥዕል ሣል የተባለ ተማሪ እናቱን ምድጃ ሥር ቁጭ ብላ ቢሥላት አንናቅበት። ኡታማሮም ያንኑ ነው የሣለው።