ሐበሻዪቱ አስታማሚ ኡሙ አይመን

  

በሽተኛን ማስታመም ማለት የመድኃኒት ዋጋ መክፈል ብቻ አይምሰላችሁ። መድኃኒት አካልን ይረዳል፤ በሽተኛ ግን ከአካሉ ሌላ የሚፈራና የሚተክዝ ልብ አለው። ይህ ልብ እንዴት እንደሚያዝ ለማወቅ ከሐበሻ የተገኙትን የኡሙ አይመንን ሕይወት አስተውሉ፤ አላህ ይውደዳቸው።

የመጀመሪያ ስማቸው በረካ ነበረ። በመካ በአብዱላህ ቢን አብዱልሙጠሊብ ቤት በባርነት ያገለግሉ ነበር። አብዱላህ ልጃቸውን ሳያዩ ሞቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአውሮፓ አቆጣጠር በ570 ዓ.ም. ገደማ በተወለዱ ጊዜ በረካ ሕፃኑን አቅፈው ለማሳደግ በቁ። ሕፃኑ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና ከመዲና ሲመለሱ አብዋእ በተባለ ስፍራ ታመው ዐረፉ። አባታቸውን ያላዩት ሕፃን በበረሓ መንገድ እናታቸውንም አጡ። በዚያች ሰዓት ከአጠገባቸው የነበሩት በረካ ናቸው። እርሳቸውም ሕፃኑን ይዘው መካ ገቡ፤ ለአያታቸውም አስረከቡ፤ ከዚያም ወዲያ መንከባከባቸውን አልተዉም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ለእንዲህ ያለ ሐዘን የሚሆን መድኃኒት በገበያ አይሸጥም። የበረካ ሕክምና ቀርቦ መቀመጥ፣ ማቀፍና አለመለየት ነበረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ውለታቸውን አልረሱም፤ ባደጉ ጊዜ ነፃ አወጧቸው፤ እንደ እናትም አከበሯቸው፤ ወደ ቤታቸው እየሄዱም ይጠይቋቸው ነበር።

በረካ አይመን የሚባል ልጅ ስለ ወለዱ ኡሙ አይመን ተባሉ። በኋላም ዘይድ ቢን ሐሪሳን አግብተው ኡሳማን ወለዱ። እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት ጋር ተቀብለው ወደ መዲና ተሰደዱ። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ (625) በኡሑድ ዘመቻ ለተጠሙት ውኃ እያጠጡ፣ ቁስለኞችን እያከሙ ዋሉ፤ በ7ኛው ዓመት (628) በኸይበርም ተገኙ። ደሙ የፈሰሰ ሰው ጥማት ይጸናበታል። ውኃ ይዞለት የሚመጣ እጅ ግን ጥማቱን ከመቁረጡም በላይ ብቻውን አለመጣሉን ያስታውቀዋል።

የሰውን ቁስል ያሰሩት እኚህ ሴት ራሳቸውም ሐዘን አገኛቸው። በ629 ባላቸው ዘይድ በሙእታ፣ በ630 ልጃቸው አይመን በሑነይን ተሠዉ። በ632 ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐረፉ። ያን ጊዜ አቡበክርና ዑመር፣ ነቢዩ ያደርጉት እንደ ነበረው፣ ሊጠይቋቸው ሄዱ። ኡሙ አይመን ባዩዋቸው ጊዜ አለቀሱ። ሁለቱም የልቅሶውን ምክንያት ጠየቁ፤ በአላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው እንደሚሻልም አሳሰቡ። እርሳቸው ግን ያስለቀሳቸው ይህን አለማወቅ ሳይሆን የሰማይ ወሕይ መቋረጡ መሆኑን ገለጡ። የሙእሚኖች መሪ የነበሩት አቡበክርና ጓደኛቸው ዑመርም ዝም በዪ ብለው አልገሠጹም፤ አብረዋቸው አለቀሱ። እነሆ፣ ሲያጽናኑ የኖሩት ተጽናኑ። ማጽናናትም መናገር ብቻ ሳይሆን፣ ጠይቆ መስማትና ሐዘንን መካፈል መሆኑ ታየ።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫና በሾኔ የምትነግዱ ወንድሞች፣ ቤት የምታስተዳድሩም እኅቶች ሆይ! ይህን ከዐረብኛ ስንመልስ ያሰብነው እናንተን ነው። በሆሳዕና ያለው ትልቁ ሆስፒታል የሐድያው ገራድ መሐመድ ልጅ በሆኑት በንግሥት እሌኒ ስም ይጠራል። በዚያም ሆነ በቤታችሁ ዘመድ ሲተኛባችሁ፣ ገንዘብ ልኬያለሁና ግዴታዬን ተወጥቻለሁ አትበሉ። ሱቃችሁን ለጥቂት ጊዜ ዘግታችሁ ሂዱ። በለሰለሰ ድምፅ ሰላምታ ስጡ፤ እጁን ያዙ። ሐኪም ካልከለከለ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት፤ ከከለከለም ከንፈሩን አርጥቡለት። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችለውን ጎኑ እንዳይቆስል አገላብጡት። ውዱእ ካቃተው ተየሙም እንዲያደርግ፣ መቆም ካቃተውም ተቀምጦ ወይም ተኝቶ እንዲሰግድ እርዱት። በዚያ ሕመም የሞተ ሰው ወሬ አታውሩበት። ሲፈራ ፍርሃቱን ስሙት፤ ሲደክመው ዱዓ አድርጋችሁለት ውጡ።

ወንድሜ ሆይ! ዛሬ ጠያቂ ነህ፤ ነገ ተጠያቂ ትሆናለህ። ለራስህ የምትመኘውን አስታማሚ ለሌላው ሁን።

አላህ በሽተኞቻችንን ይማርልን፤ ለአስታማሚዎቻቸውም ትዕግሥትና ምንዳ ይስጣቸው። አሚን።