የዓሣን ርቢ ከወንዝ ሙላት ያላቀቁት ሊቅ

አምባዛ ኩሬ ውስጥ ይበላል፣ ያድጋል፤ ሴቷም እንቁላል ትቋጥራለች። እንቁላሉን ግን በኩሬ ውስጥ እንደ ልብ አትጥልም። በተፈጥሮው የሚራባው ክረምት ገብቶ ወንዝና ሐይቅ ሲሞላ፣ ውሃ ወደተኛበት ሣራማ ዳርቻ እየወጣ ነው። በጥያም ሆነ በቡታጅራ ኩሬ የሚቆፍር አርሶ አደር ይህን ሙላት ለዓሣው ሊያመጣለት አይችልም። ዛሬ የአምባዛ ጫጩት በማባዣ ማዕከላት የሚፈለፈለው ከ90 ዓመት ገደማ በፊት በተገኘ ዘዴ ነው። ዘዴውን በሥራ ላይ ካዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ ብራዚላዊው የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ሮዶልፎ ፎን ኢህሪንግ ናቸው።

ፎን ኢህሪንግ እ.ኤ.አ. በ1883 በደቡባዊ ብራዚል፣ ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ግዛት ተወለዱ። አባታቸው ሄርማን ፎን ኢህሪንግ ከጀርመን የመጡ የተፈጥሮ ተመራማሪና የሳኦ ፓውሎው ፓውሊስታ ሙዚየም ዳይሬክተር ነበሩ። ልጅየውም በዚያው ሙዚየም ከአባታቸው ጋር ሠርተዋል። የብራዚልን እንስሳት የሚያስተዋውቅ መዝገበ ቃላትም አዘጋጅተዋል።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የመጣው ግን ዕድሜያቸው ወደ 50 ሲጠጋ ነው። የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ክፍል በተደጋጋሚ በድርቅ ይጠቃል። መንግሥት ውሃ ለማቆር ብዙ ግድቦች ሠርቶ ነበር። ከባድ ድርቅ በደረሰበት በ1932 በግድቦቹ ዓሣ እንዲረባ የሚሠራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ኃላፊነቱም ለፎን ኢህሪንግ ተሰጠ።

ፈተናው ከባድ ነበር። የአካባቢው ምርጥ ዓሦች የወንዝ ሙላት ካልመጣ እንቁላል አይጥሉም። በቆመ ውሃ ውስጥ የቀረውን እንቁላል የሴቷ ሰውነት መልሶ ይመጠዋል። አርጀንቲናዊው በርናርዶ ሁሳይ ከዚያ በፊት የዓሣ ፒቱታሪ ዕጢ ለሌላ ዓሣ ሲሰጥ በርቢ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይተው ነበር። ፎን ኢህሪንግና ባልደረቦቻቸው ይህን ዕውቀት ወደ ግድቦቹ ወሰዱት። ከአንዱ ዓሣ አንጎል ሥር የምትገኘውን ይህችን ትንሽ ዕጢ አውጥተው ፈጭተው ለደረሱ ዓሦች በመርፌ ሰጡ። በ1934 ሙላት ሳይጠበቅ እንቁላል ማስጣል ተቻለ።

የዘዴው ምሥጢር ዕጢዋ በምታመነጨው ሆርሞን ላይ ነው። መርፌው ግን ተአምር አይሠራም። የእንቁላሉን አስኳል የሚሠራው ለወራት የተሰጠ ጥሩ መኖ ነው፤ ሆርሞኑ የሚያደርገው የመጨረሻውን ብስለት ማነሣሣት ብቻ ነው። በረሃብ የከረመች እናት ብትወጋም ደካማ እንቁላል ትሰጣለች።

ሰዓትም ወሳኝ ነው። አምባዛ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ከተወጋች ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሏ ለመታለብ ይደርሳል። ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ከወረደ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቀድመው ቢያልቧት እንቁላሉ እሺ ብሎ አይወጣም፤ ቢዘገዩ ደግሞ ከመጠን በላይ ይበስልና የሚፈለፈለው ይቀንሳል፣ ጫጩቱም ጎባጣ ይሆናል። የወንዱ አምባዛ ዘር በመታለብ ስለማይገኝ ብዙውን ጊዜ ታርዶ ይወሰዳል። እንቁላሉና ዘሩ በደረቅ ዕቃ ከተደባለቁ በኋላ ነው ውሃ የሚጨመረው።

ፎን ኢህሪንግ በ1939 አረፉ። ዘዴያቸው ከብራዚል አልፎ በዓለም ተስፋፋ፤ ሕንድ በ1957 ትልልቅ የካርፕ ዝርያዎቿን በዚሁ መንገድ ማራባት ችላለች። በሀገራችንም የሰበታው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በዓሣ ማባዛት ላይ ይሠራል።

ቆሮሶ ያለ መርፌ በኩሬ ውስጥ ራሱን ያራባል፤ እንዲያውም በዝቶ ያስቸግራል። አምባዛን ለማርባት ያሰበ ደጋማ አካባቢ ያለ አርሶ አደር ግን ጫጩቱን ከማባዣ ማዕከል ቢያመጣ ይሻለዋል። ራሱ ላራባ ካለም ከመርፌው በፊት የእናቲቱን መኖና የውሃውን ሙቀት ማስተካከል አለበት።