ፕሮፌሰር ቶም ኪልበርን፤ አድራሻን ከቦታ የለዩ ሊቅ

ኳስ በሚታይበት ቀን የጂንካ ወጣት በየዲ.ኤስ.ቲቪ. ቤቱ ተጨናንቆ ለማንቸስተር ዩናይትድ ሲጮኽ እንሰማለን፤ እኛም ከመካከሉ አንጠፋም። ነገር ግን በዚያችው ከተማ ስለ ኖሩና የዚያው ቡድን ደጋፊ ስለ ነበሩ አንድ ሊቅ ሲነገር ሰምተን አናውቅም። ስለዚህ የፕሮፌሰር ቶም ኪልበርንን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ለማቅረብ አሰብን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኪልበርን በ1921 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዴውስበሪ ተወለዱ። በካምብሪጅ ሒሳብ አጥንተው በ1942 ሲፈጽሙ ጊዜው የጦርነት ነበርና ወደ ራዳር ምርምር ጣቢያ ተላኩ። እዚያም ከፍሬዲ ዊሊያምስ ጋር ተገናኙ። ሁለቱ የያዙት አሳብ እንደ ቴሌቪዥን ባለ ቱቦ ፊት ላይ ቁጥርን በኤሌክትሪክ ነጥብ ማስቀመጥ ነበር። ነጥቡ ቶሎ ስለሚጠፋ ሳያቋርጡ ማደስ ያስፈልጋል። በ1946 መጨረሻ ወደ ማንቸስተር ሄዱ፤ ጁን 21 ቀን 1948 ቤቢ የተባለችው መኪናቸው ኪልበርን የጻፉትን ፕሮግራም 52 ደቂቃ ሠርታ ትክክለኛውን መልስ ሰጠች። ሜሞሪዋ 32 ቃል ብቻ ይይዝ ነበር። እያንዳንዱን ቃል ለይቶ ለመጥራት 5 ቢት ያለው አድራሻ ይበቃታል።

እዚህ ላይ ስለ አድራሻ ጥቂት እንበል። በ2005 የአገራችን የስልክ ቁጥር ሲረዝም፣ የጂንካም በ046 ሲጀምር፣ ብዙ ሰው መመዝገብ ተቻለ። የኮምፒዩተርም አድራሻ እንዲሁ ነው፤ አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር የሚጠራው ቦታ እጥፍ ይሆናል። በ10 ቢት 1,024፣ በ20 ቢት 1,048,576 ቦታ ይጠራል። ነገር ግን ቁጥሩ ስለ ረዘመ በየቤቱ ስልክ አይገባም። ፈጣን ሜሞሪ በዚያ ዘመን እጅግ ውድ ነበር፤ የኪልበርንም ጭንቀት ይህ ነበር።

በ1956 በሰከንድ ወደ አንድ ሚሊዮን ትእዛዝ የሚፈጽም ኮምፒዩተር ለመሥራት ተነሡ። በኋላ ፌራንቲ የተባለው ኩባንያ ገባበትና ስሙ አትላስ ተባለ፤ ዲሴምበር 7 ቀን 1962 ተመረቀ። ፈጣኑ ሜሞሪ 16,384 ቃል፣ ዘገምተኛው ማግኔታዊ ከበሮ ደግሞ 98,304 ቃል ይይዝ ነበር። ከዚያ በፊት ፕሮግራም ጻፊው ራሱ ከከበሮው ወደ ሜሞሪ፣ ከሜሞሪ ወደ ከበሮ ሲያመላልስ ይውል ነበር፤ የሒሳብ ሊቅ ሳይሆን ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው።

ኪልበርንና ባልደረቦቻቸው አድራሻውን ከቦታው ለዩት። የቀድሞው ስልክ ከግድግዳ ጋር የታሰረ ነው፤ የእጅ ስልክ ግን ባለቤቱ ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ቢውል በዚያው ቁጥር ይገኛል። በአትላስም ፕሮግራሙ አንድ ሚሊዮን ያህል ቃል በአድራሻ መጥራት ይችላል። ሜሞሪው 512 ቃል በያዙ ገጾች ተከፍሎ 32 ገጽ ብቻ ባንድ ጊዜ ይቀመጣል፤ የትኛው ገጽ የት እንዳለ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ። የተጠራው ገጽ ከሌለ መኪናው ራሱ ከከበሮው ያመጣዋል፤ የትኛው ይውጣ የሚለውንም የገጾቹን ያለፈ አገልግሎት አይቶ ይወስናል።

ይህ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ሥራው ከሜሞሪው እጅግ ሲበልጥ መኪናው ጊዜውን ሁሉ በማመላለስ ይጨርሰዋል። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሃያ መስኮት ከፍተን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችን ሳይንቀሳቀስ ዲስኩ ብቻ ሲያጉረመርም ያደርን ሁሉ ይህን እናውቃለን።

አትላስ በሙሉ አካሉ የተሠራው ሦስት ብቻ ነበር። ገበያውን የያዘው አይ.ቢ.ኤም. በ1964 ያወጣው 360 ነው። አድራሻው 24 ቢት ሆኖ 16 ሚሊዮን ያህል ባይት ይጠራል፤ የኪልበርን ዘዴ ግን ከሞዴል 67 በቀር አልገባበትም። ኩባንያው ዘዴውን ለ370 ተከታታዮቹ የተቀበለው በ1972 ነው። ያን ጊዜም ሌላ ችግር ተጠንስሶ ነበር። 24 ቢቱ የሚቀመጠው በ32 ቢት ቃል ውስጥ ስለ ሆነ 8 ቢት ይተርፋል፤ ፕሮግራም ጻፊዎችም በትርፉ ላይ የየራሳቸውን ምልክት ያኖሩ ጀመር። ለመንገድ የተተወውን ቦታ አጥሮ ጎመን እንደ መትከል ነው። በ1983 አድራሻው ወደ 31 ቢት ሲሰፋ እነዚያ ፕሮግራሞች እንዳይፈርሱ መኪናው በአሮጌውም በአዲሱም ደንብ እንዲሠራ ግድ ሆነ፤ የተረፈችው አንዲት ቢት በየትኛው ደንብ እንደሚሠራ መለያ ሆነች። 64 ቢት የመጣው በ2000 ነው። በእኛ አስተያየት ያ የ8 ቢት ቁጠባ ውድ ቁጠባ ነበር።

ኪልበርን በ1964 በማንቸስተር የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍልን አቋቁመው ሲመሩ ኖሩ፤ በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ነው። በየዓመቱ ከቤተ ሰባቸው ጋር በብላክፑል ዕረፍት ያደርጉ ነበር፤ ዩናይትድ የዘመኑን የመጀመሪያ ጨዋታ ሳይጀምር ግን ይመለሱ ነበር። በ1981 ጡረታ ወጡ። በ1998፣ በ50ኛው ዓመት፣ ቤቢ እንደ ቀድሞዋ ሆና ተሠርታ ስትሠራ ለማየት በቁ። ጃንዋሪ 17 ቀን 2001 በ79 ዓመታቸው ዐረፉ።