ዓይነ ሥውሩ ሊቅና ታላቁ ቁጥር

አዋሽ ሰባት ኪሎ በስሟ የያዘችው 7፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ሦስት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ቢቀነስ 7 ይገኛል። ሠላሳ አንድ ሁለቶች ተባዝተው አንድ ቢቀነስ ግን 2,147,483,647 ይሆናል። ይህስ ብቸኛ ነውን?

መልሱን ያገኘው በ1707 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የተወለደው ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። የቀኝ ዓይኑ በጎልማሳነቱ፣ የግራውም በሽምግልናው ጠፋ። እርሱ ግን ሥራውን በቃሉ እያስጻፈ ቀጠለ፤ በ1772ም ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን አስታወቀ። እስከ 46,340 ባሉት ቁጥሮች ሁሉ ከማካፈል ይልቅ፣ ሊያካፍሉ የማይችሉትን አስቀድሞ በማስተዋል ለይቶ፣ የቀሩትን ጥቂቶች ብቻ መፈተን በቂ መሆኑን አሳየ። ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከ80 ዓመት በላይ አልታወቀም።

ኦይለር በ1783 በፒተርስበርግ ዐረፈ። ተማሪውም ሆነ ወጣቱ ሹም ከእርሱ የሚማረው፣ ከመድከም በፊት ማሰብን ነው።