ወለተ ጴጥሮስ፡ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ፍቅሯ ያከራከረው ቅድስት

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቆራጣ፣ በወለተ ጴጥሮስ ስም የሚጠራ ገዳም ይገኛል። ቅድስቷ ያረፈችው እአአ በ1642 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን ታስባታለች። በቅርብ ዓመታት ግን ስሟ በምሁራንና በምእመናን መካከል ብርቱ ክርክር አስነስቷል። ያከራከረውም ከአንዲት መነኩሲት ጋር የነበራት ፍቅር ነው።

ወለተ ጴጥሮስ እአአ በ1592 ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደች። ገና በወጣትነቷ ከአፄ ሱስንዮስ አማካሪዎች አንዱ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሠ ነገሥቱ የካቶሊክ እምነትን ሲቀበሉ ባሏ ከንጉሡ ጋር ቆመ፤ እርሷ ግን በተዋሕዶ ጸናች። ባሏ በአቡነ ስምዖን መገደል እጁ እንዳለበት ስትረዳም ትዳሯን ትታ መነኮሰች።

ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የተገናኘችው ከዚህ በኋላ ነው። እኅተ ክርስቶስም ባሏንና ትንሽ ልጇን ትታ የመጣች ሴት ነበረች። መነኩሴው ገላውዴዎስ እአአ በ1672 በግእዝ የጻፈው ገድል እንደሚተርከው፣ ሁለቱ ገና ከሩቅ ሲተያዩ ተዋደዱ፤ ከዚያ ወዲያ በመከራም ሆነ በሰላም ሞት እስኪለያቸው ድረስ አብረው ኖሩ።

ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡን ሃይማኖት በአደባባይ በመቃወሟ ለሦስት ዓመታት ወደ ዠበይ ተጋዘች። ተከታዮቿ እየበዙ ሲሄዱ ወንዶችና ሴቶች የሚኖሩባቸውን ማኅበራት አቋቁማ መራች። ሱስንዮስ እአአ በ1632 የቀደመው እምነት እንዲመለስ ከፈቀዱ በኋላም ሥራዋን ቀጠለች። ልታርፍ ስትቃረብ ጓደኛዋን ትታ መሄዱ እንዳስጨነቃት ገድሉ ይናገራል። ማኅበሯን የመምራቱን ኃላፊነት የተረከበችውም እኅተ ክርስቶስ ነበረች።

እአአ በ2015 ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር ገድሉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። ቤልቸር የሁለቱ መነኮሳት ትስስር የምንኩስና ንጽሕናን የጠበቀ ቢሆንም፣ በሴቶች መካከል የነበረ ፍቅርን ያሳያል ስትል ጻፈች። ይርጋ ገላው ወልደየስን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ግን ትርጓሜውን አጥብቀው ተቹ። ግእዙ ተዛብቷል፣ መንፈሳዊ እኅትነት በምዕራባውያን ዓይን ታይቷል የሚል ነው መከራከሪያቸው። ለብዙ ምእመናንም ጉዳዩ የቅድስት ክብር ጉዳይ ሆነ።

በዚህ መሀል ብዙም ያልታየ ነገር አለ። አንዳንዶች አግብታ መውለዷን ሴትን ላለማፍቀሯ ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ። ሌሎች ደግሞ ለእኅተ ክርስቶስ የነበራትን ፍቅር ሲያነሡ የትዳር ዘመኗን ይዘነጋሉ። ወንድንም ሴትንም የምታፈቅር ሴት ልትኖር እንደምትችል የሚያስብ ጥቂት ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉ እንዲህ ያሉ ሴቶችም ይኸው ይገጥማቸዋል። ካገቡ ስሜታቸው አላፊ ነበር ይባላል፤ ሴትን ካፈቀሩ ደግሞ ትዳራቸው ሐሰት ነበር ይባላል።

በአካባቢያችን ይህን በግልጽ መናገር ከባድ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ለወንዱም ለሴቷም ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የጅቡቲ ሕግ በስም ባይጠቅሰውም፣ ቡላኦስን በመሰሉ ቤተሰብና ጎረቤት ተቀራርበው በሚኖሩባቸው የከተማ ሰፈሮች የዘመድ ዓይንና የሃይማኖት ሥርዓት ከሕግ ያልተናነሰ ኃይል አላቸው።

ወለተ ጴጥሮስ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን ስሞች አታውቃቸውም ነበር፤ ስለዚህ ከእነርሱ አንዱን በእርግጠኝነት ልንሰጣት አንችልም። ራሷን የገለጸችው በምንኩስናዋና በእምነቷ ነው። ይህ ማለት ግን ገድሉ የመዘገበው ፍቅር አልነበረም ማለት አይደለም። ገላውዴዎስ ያን ፍቅር ከቅድስናዋ ጋር ጎን ለጎን ሲጽፈው አንዱን ለሌላው ሲል አልደበቀም። ቅድስቷን አክብሮ ገድሏን የሚያነብ ሰው፣ ስሙን ማወቅ ቢያዳግተውም ፍቅሩን ከገጹ ላይ መፋቅ አይጠበቅበትም።