'ዞምቢ'ን ለዓለም ያስተዋወቀው ደራሲ እና የቆዳ ጭንብሎቹ

እአአ በ1930 ፓሪስ ይታተም የነበረው 'ዶኩማን' የተሰኘ መጽሔት ለአንባቢዎቹ እንግዳ የሆኑ ፎቶግራፎችን ይዞ ወጣ። በፎቶግራፎቹ ላይ የምትታየው ሴት ፊት የላትም። ከአናቷ እስከ አንገቷ በጠባብ የቆዳ ጭንብል ተሸፍናለች።

ከፎቶግራፎቹ ጋር የወጣውን ጽሑፍ የጻፈው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ነበር። የጽሑፉ መነሻ የሆኑት ጭንብሎች ደግሞ የአሜሪካዊው ጋዜጠኛና ደራሲ ዊሊያም ሲብሩክ ናቸው።

ሲብሩክ በዘመኑ መጽሐፎቹ በሰፊው የሚነበቡለት ተጓዥ ነበር። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በአብዛኛው በአንድ ቃል ሳቢያ ነው። በ1929 ስለ ሄይቲ ባሳተመው መጽሐፍ 'ዞምቢ' የሚለውን ቃል ከእንግሊዝኛ አንባቢ ጋር በሰፊው አስተዋወቀ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ሆሊውድ የመጀመሪያውን የዞምቢ ፊልም ሠራ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ያልተላቀቀው ሌላ ጉዳይም ነበረው፤ የታሰረች፣ ዓይኗ የተሸፈነ ሴት ምስል።

የተወለደው በ1884 ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሉተራን ቄስ ቤተሰብ ነው። በ1942 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ይህ ምናብ የተጠናወተው ገና በልጅነቱ፣ በአያቱ እጅ ሳለ እንደነበር ተርኳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አምቡላንስ ነድቷል፤ ቬርደን ላይ በመርዝ ጋዝ ተጎድቷል። ከዚያም አረቢያን፣ ሄይቲንና ምዕራብ አፍሪካን እየዞረ ጻፈ።

የጻፈው ሁሉ ግን እውነት አልነበረም። በምዕራብ አፍሪካ የሰው ሥጋ እንደቀመሰ በመጽሐፉ ካወራ በኋላ፣ ሥጋውን ያገኘው ከፓሪስ ሆስፒታል እንደነበር በግለ ታሪኩ አምኗል። ስለ ሌሎች ሕዝቦች የዋሸ ይህ ሰው፣ ብዙዎች አፍነው በሚይዙት የገዛ ፍትወቱ ላይ ግን ግልጽ መሆኑ ይገርማል።

በፓሪስ ከቀረቡት ወዳጆቹ አንዱ ፎቶግራፍ አንሺው ማን ሬይ ነበር። ሲብሩክ አንድ ምሽት ለእራት ሲወጣ፣ በገንዘብ ተስማምታ በሰንሰለት የታሰረች ወጣትን እንዲጠብቅለት እንደጠየቀው ማን ሬይ ጽፏል። ጠባቂው ታዲያ ልጅቷን ፈትቶ ገበታ አቀረባት። ለሲብሩክ የሕይወት አጋር፣ በኋላም ሁለተኛ ሚስቱ ለሆነችው ለደራሲ ማርጆሪ ወርዚንግተን፣ አንገቷን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የብር አንገትጌ የነደፈውም ይኸው ማን ሬይ ነው።

ዓይንን በጨርቅ ማሰርና ጭንብል ማጥለቅ አንድ አይደሉም። ጨርቅ የሚወስደው ብርሃንን ብቻ ነው። ዓይን ሲጋረድ ጆሮና ቆዳ ይነቃሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስለማይታወቅ ትንሽ ንክኪ እንኳ ይገዝፋል። አፍና ግንባር ግን ስለሚታዩ ፈገግታም ሆነ ፍርሃት ይነበባል። ጭንብል ሰውየውን ራሱን ይደብቃል። ለአጥላቂው ከመታየትና ከእፍረት ማምለጫ ሊሆን ይችላል፤ ለተመልካቹ ደግሞ ያሻውን ፊት የሚስልበት ባዶ ሰሌዳ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይነሳል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፊቱ አይታይም፣ ድምፁም ይታፈናል። በመሆኑም አስቀድሞ የተስማሙበት የማቆሚያ ምልክት ከሌለ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ያበቃል።

ሌሪስም በጽሑፉ ያተኮረው እዚህ ላይ ነው። ፊቷ የተሸፈነ ሴት እገሌ መሆኗ ይቀርና ስም የለሽ ትሆናለች፤ ለሚያያት ሰው የፍትወቱ ኃይል የሚመነጨውም ከዚህ መሰረዝ ነው ባይ ነበር። ሴቲቱ ከቆዳው በስተኋላ ምን እንደሚሰማት ግን የጽሑፉ ጥያቄ አልነበረም።

ሌሪስ ብዙም ሳይቆይ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ካቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጋር ተጉዞ በ1932 ጎንደር ገባ። እዚያም የዛር ባለውቃቢዋን መልካም አየሁን እየተከታተለ፣ ዛሩ ሲሰፍርባቸው ማንነታቸውን ለጊዜው ለሌላ የሚለቁትን 'ፈረሶች' ለወራት አጠና። በ1958 ስለ ጎንደር ዛር ያሳተመው መጽሐፍ በሥርዓቱ ቴአትራዊ ገጽታ ላይ ያተኩራል። ጭንብሉና ዛሩ አይገናኙም፤ ሰው ከራሱ ፊት ወጥቶ ሌላ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ግን ሌሪስን በሁለቱም ቦታ ተከትሎታል።

ሲብሩክ ጉዳዩን የወሰደው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። በ1940 ስለ ጥንቆላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለትንፋሽ ብቻ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ጭንብል ለረጅም ሰዓት ያጠለቀ ሰው ሩቁንና መጪውን ሊያይ ይችላል የሚል እምነቱን አስፍሯል። ሙከራ ያላቸውን እነዚህን ድርጊቶች ኒውዮርክ ግዛት በራይንቤክ በሚገኘው መኖሪያው ቀጥሎባቸዋል።

ራእዩ ቢቀር፣ አእምሮ በጨለማ ውስጥ የራሱን ምስል እንደሚፈጥር ሳይንስ በኋላ አረጋግጧል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ሄብና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን በቀን 20 ዶላር እየከፈሉ፣ ብዥታ ብቻ የሚያሳይ መነጽር አድርገው እንዲተኙ አደረጉ። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ የቆዩት ጥቂቶች ናቸው፤ በርካቶቹም የሌለ ነገር አዩ።

ያው ሽፋን በመርማሪ እጅ ሲገባ ሌላ ነው። በ1971 የብሪታኒያ ኃይሎች በሰሜን አየርላንድ 14 እስረኞችን ጭንብል አልብሰው መረመሩ፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ1978 አያያዙን ኢሰብአዊና አዋራጅ ብሎታል። እነዚያ ሰዎች አውልቁልኝ የማለት መብት አልነበራቸውም። የሲብሩክ ተከፋዮች ነበራቸው፤ ገንዘብና ዝና ያለው ሰው ፊት ያ መብት ምን ያህል እንደሚሠራ ግን አጠያያቂ ነው።

ጠርሙሱ ከምናቡ በርትቶ ሲብሩክን ጣለው። በ1933 መጨረሻ ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ በፈቃዱ ኒውዮርክ አቅራቢያ ወደሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ገባ፤ ሰባት ወራትም ቆየ። ያኔ የተረበሸ ታካሚ የሚረጋጋው በእርጥብ አንሶላ ከአንገት እስከ እግር ተጠቅልሎ ነበር። ሴቶችን ሲያስር የኖረው ደራሲ በተራው ተጠቀለለ። በ1935 ስለ ሆስፒታሉ የጻፈው መጽሐፍ፣ የመጠጥ ሱሰኛ ስለራሱ ከጻፋቸው ቀዳሚ ግልጽ ትረካዎች አንዱ ነው።

መጠጡ ግን ተመለሰ። ወርዚንግተን በ1941 ፈታችው። እሱም በመስከረም 1945፣ በ61 ዓመቱ፣ ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ወስዶ ሕይወቱን አጠፋ።

ወርዚንግተን የቀድሞ ባሏ ከሞተ ከ20 ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1966፣ አብራው የኖረችበትን ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመች። ሰንሰለቱንና ጭንብሉን ፈልጋቸው እንዳልነበረ፣ እሱን ግን ትወደው እንደነበር ጽፋለች።