አል-ኻዚኒና ሚዛኑ



ሶዶ ገበያ የምትገዙት ወተት ውሃ እንዳልተቀላቀለበት በምን ታውቃላችሁ? ላክቶሜትር የሚባል የመስታወት ቱቦ አለ፤ ወተቱ ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ ውሃ ከተጨመረበት ጠለቅ ይላል።

የዚህን መሣሪያ ቀዳሚ አሠራር በ515 ዓመተ ሂጅራ (1121 እ.ኤ.አ.) ሚዛኑል ሒክማ በተሰኘው ኪታቡ በዝርዝር ያስቀመጠው የመርቭ ከተማው አል-ኻዚኒ ነው። በባርነት ያደገ ሰው ነበር፤ አሳዳሪው ግን ሒሳብና ፍልስፍና አስተማረው። የፈሳሽ መለኪያውን የእኔ ነው አላለም፤ የግሪኩ የፓፑስ መሆኑን ጻፈ። ለእኔ ይህ ከመሣሪያው አያንስም።

ከቤተ መንግሥት ሰዎች 1000 ዲናር ተላከለት፤ መለሰው። በእጁ 10 ዲናር ነበረው፤ ለዓመት 3 ይበቃው ነበር። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ የነበረችው አንዲት ድመት ናት።